ጦርነቱ አልቋል፤ መሸኛው የት አለ?

አገር ወደ ጦርነት ስትገባ የሚጎድል ቅጽ የለም። ነጋሪቱ ይጎሰማል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ቀበሌው ስብሰባ ይጠራል፣ መኪናው ከየወረዳው ይነሣል፤ ወጣቱም በጥቂት ቀን ውስጥ ስሙ ተጽፎ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ይገኛል። ማኅተም ጠፋ፣ ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፋይልህ ከመዝገብ ቤት አልወጣም የሚል ሰው በዚያን ጊዜ አይሰማም። ጦርነቱ አልቆ ያው ሰው ወደ ቤቱ ይመለስ የተባለ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ቅልጥፍና የት እንደሚገባ አይታወቅም። ለመውሰድ ሦስት ቀን የበቃው ጽሕፈት ቤት ለመመለስ ሦስት ዓመት አይበቃውም።

አንዳንድ አንባብያን «ይህ ነገር የመከላከያ ሰዎች ጉዳይ እንጂ ለእኛ ለተማሪዎች ምናችን ነው?» ብለው ገጹን ሊገለብጡ ይችሉ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በየትኛውም ዘመን ቢሆን ወደ ግንባር የሚጠራው ዕድሜ የእኛው ዕድሜ ነው። ዛሬ በዚህ ዶርም የምንተኛው ልጆች ትምህርት ባይደርሰን ኖሮ ስማችን በሌላ መዝገብ ላይ በተጻፈ ነበር፤ የአንዳንዶቻችን ታላላቅ ወንድሞች ስም ተጽፎአል።

ደግሞም ከዋጫና ከአካባቢዋ የመጣን የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ክረምት ወደ ቤታችን በገባን ቁጥር ሳንፈልገው የሚመጣብን ሥራ አለ፤ ይኸውም የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነው። የአካባቢያችን ሽማግሌዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት በካፊኖኖ ነው። አማርኛ የሚያውቁም ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የገበያና የካምፕ አማርኛ ሌላ፣ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ሌላ ነው። ስለዚህ የተማረ ልጅ መጣ ሲባል በገበያ ቀን ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከሚመጡት ወረቀቶች መካከል ደግሞ የቀድሞ ወታደር ወረቀት ጥቂት አይደለም።

እኛም እናነባለን። «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» ይላል። «ማስረጃው ተሟልቶ እንዲቀርብ» ይላል። «ሲወሰን ይገለጽልዎታል» ይላል። በሰዋስው ትምህርት አድራጊና ተደራጊ የሚባሉትን ተምረናል። በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ተደራጊው ሞልቶአል፤ አድራጊውን ግን ብንፈልግ ብንፈልግ አናገኘውም። የሚያየው ማን ነው? የሚወስነው ማን ነው? የሚገለጸውስ መቼና በማን አፍ ነው? ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፤ የሌለው ሰው ብቻ ነው። የሰዋስው መምህራኖቻችን የተደራጊ ግሥ ምሳሌ ቢቸግራቸው ከዋጫ አንድ ፌስታል ሙሉ ልናመጣላቸው እንችላለን።

ከእነዚህ አባቶች አንዱ፣ ስማቸውን መጥራት አይገባንምና አንጠራም፣ በደርግ ዘመን በወጣትነታቸው ተወስደው በሰሜን ግንባር የተዋጉ ናቸው። በእግራቸው ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ የሚነግራቸው እርሱ ነው። የሚፈልጉት አንዲት ወረቀት ናት፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አገልግለው በደንቡ ተሰናብተዋል የምትል። አንደኛው መሥሪያ ቤት ፋይሉ ያለው ሌላው ዘንድ ነው አላቸው፤ ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ከዚያኛው መሸኛ ያምጡ አላቸው። ባለፈው ክረምት አንዱን ደብዳቤ ካነበብንላቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ ይህ ነገር እሺ ነው ወይስ እምቢ ብለው ጠየቁን። አራት ነበርን፤ አራታችንም መልስ አጣን። ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. አልቋል፤ እርሳቸው ግን በወረቀት ገና አልተለቀቁም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታይ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ መሠረት ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ዜጋ ስድስት ወር ሊሠለጥን፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ሊያገለግልና ወደ ቤቱ ሊመለስ ነበር። በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ወደ ማሠልጠኛ የሄደው ልጅም፣ ስንቅ ቋጥራ የሸኘችው እናትም ይህን ቁጥር በጣታቸው ቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ጦርነቱ አላለቀምና የብዙዎቹም ሁለት ዓመት ተኩል ሳያልቅ ቀረ። መንግሥት ከልጁ ጋር ሲዋዋል የቈጠረው በወር ነበር፤ ልጁን የያዘው ግን በጦርነቱ ዕድሜ ነው። ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ ጎረቤታችንን ኤርትራን ተመልከቱ። በዚያ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 በወጣው ዐዋጅ የብሔራዊ አገልግሎት ጊዜ 18 ወር ነበር፤ ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ገደቡ ጠፍቶ በ18 ዓመቱ የገባ ሰው ጸጉሩ እስኪሸብት የሚያገለግልበት ሆነ። ወሩ ተጽፎ የሚለቀቅበት ቀን ካልተጠበቀ ዐዋጁ ለመውሰጃ ብቻ የተጻፈ ይሆናል።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ ያ ግዙፍ ሠራዊት ተበተነ። ከፊሉ ጠመንጃውን ጥሎ በእግሩ ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ፣ ከፊሉ ወደ ሱዳን ተሻገረ፣ ከፊሉም ካምፕ ገብቶ ተመዘገበ። በሰኔ ወር የቀድሞ ጦር አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሠየመ፤ ወደ 455 ሺህ የሚደርስ ወታደርም እንዲሰናበት ተደረገ። ወደ ገጠር ለሚገባው የወራት ቀለብ፣ ዘርና ማዳበሪያ ታደለው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚመሰገን ነገር አለ፤ ይህን ያህል ሕዝብ በአጭር ጊዜ ወደየቀዬው ማድረስ ቀላል አይደለም፤ አይቻልም ለሚሉንም ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ይኖራል።

ነገር ግን የተሸነፈ ሠራዊት ነበርና የፈጠነው ማጓጓዙ እንጂ ማሰናበቱ አልነበረም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ማጓጓዝ ማለት ሰውየውን በመኪና ጭኖ መንገድ ላይ ማውረድ ነው። ማሰናበት ማለት ግን አገልግሎቱን መዝግቦ፣ ቁስሉን በሐኪም አስመርምሮ፣ የሚገባውን ሰጥቶና ወረቀቱን በእጁ አስይዞ ከእንግዲህ ነፃ ነህ ማለት ነው። ወደ ከተማ የገቡት ከገጠሮቹ ይልቅ ብዙ ጠበቁ። የወታደር ካፖርት ለብሶ በአዲስ አበባ አውራ ጎዳና የሚለምን ሰው ያላየ በዚያን ጊዜ አልነበረም ይላሉ አባቶቻችን። ወደ ካፋ የተመለሱትም ወታደሮች ከመኪና የወረዱት ቶሎ ነው፤ በፌስታል ያለው ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ ይጻፋል።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሌላ ትውልድ ሄደ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ የዓለም ባንክም ለማሰናበቻውና ለማቋቋሚያው ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ አበደረ፤ በዚህም ወደ 148 ሺህ የሚሆኑ ወታደሮች በየዙሩ ተሰናበቱ። ገንዘቡ ዕቅድ ነበረው፣ ዙሩም ቅደም ተከተል ነበረው። ስለዚህ ከ1983ቱ ይልቅ የተሻለ ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል። ብድር ሲገኝ ሥርዓት ይገኛል፤ ብድር ሳይኖርስ ምን እንሆናለን? የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ፤ ከ20 ዓመት በኋላም ዞሮ መጣ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የትግራይ ተዋጊዎች ትጥቅ የሚፈቱበትን ጊዜ በ30 ቀን የወሰነ ነበር። ከዐሥር ቀን በኋላ ኅዳር 3 ቀን በናይሮቢ የጦር አዛዦቹ ተገናኝተው ነገሩን ከሌሎች ኀይሎች መውጣት ጋር አያያዙት። በዚያው ኅዳር ወር ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በልዩ ልዩ ክልሎች መልሼ አቋቁማቸዋለሁ ያላቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ቁጥር 371,971 ነው፤ አብዛኞቹ በትግራይ ናቸው። በመቀሌ፣ በዕዳጋ ሐሙስና በዓድዋ ማእከሎች 75 ሺህ ተዋጊዎችን ለማሰናበት የታቀደው ዙር የተጀመረው ግን ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሠላሳው ቀን ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። ለጠቅላላው ሥራ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልጋል ተባለ፤ ከውጭ ወዳጆች የተገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር።

ለዚህ መዘግየት የፖለቲካ ምክንያት መኖሩን አንክድም። ተፈራራሚዎቹ አልተማመኑም፤ ከቀያቸው የተፈናቀሉት ሳይመለሱ፣ የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ቦታዎች ጉዳይ ሳይፈታ ጠመንጃ ማስረከብ ለአንደኛው ወገን ይከብዳል፤ ጠመንጃ ሳይረከቡ ገንዘብ ማፍሰስም ለሌላው ይከብዳል። ይሁን። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የተዋጊው ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ እንደ መያዣ ዕቃ ተቀምጦአል። እርሱ በፕሪቶሪያ አልፈረመም፤ በናይሮቢም አልተቀመጠም። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ የነበረ ልጅ በየትኛውም ወገን ተሰልፎ ይሁን፣ አምስት ዓመት የጠፋበት እርሱ ነው። እኛ እዚህ ፈተና ተራዘመብን ብለን በአንድ ሳምንት የምናሰማውን ጩኸት እናስታውስ።

መንገድ የጠፋ እንዳይመስለን ደግሞ ሌሎች አገሮች ያዩትን እንይ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ እንግሊዞች ያወጡት ዕቅድ ለኢንዱስትሪው አስፈላጊ የሆነውን ሰው አስቀድሞ መልቀቅ ነበር። ዕቅዱ በቢሮ ሲታይ ብልህ ይመስላል። ውጤቱ ግን ሥራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የዘመተው ሆኖ ተገኘ፤ አራት ዓመት በጉድጓድ ውስጥ የኖረው ቀርቶ ትናንት የመጣው ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ። በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1919 በፎክስተን ወደብ በሺህ የሚቈጠሩ ወታደሮች መርከብ አንሳፈርም ብለው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ወር የጦር ሚኒስትር የሆኑት ቸርችል ደንቡን ለወጡት፤ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመንና ቁስል መለኪያ ሆኑ።

በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ያንን አልረሱትም። የእያንዳንዱ ሰው ተራ በዕድሜውና በአገልግሎቱ እንዲወሰን አድርገው፣ የሁለት ወር አገልግሎት እንደ አንድ ዓመት ዕድሜ ተቈጠረ፤ ሒሳቡም በግልጽ ታወጀ። ማንኛውም ተራ ወታደር እርሳስ ይዞ የራሱን ቁጥር ማውጣት ይችል ነበር ማለት ነው። አሜሪካኖችም ነጥብ ሰጡ፤ አገልግሎቱ፣ ውጭ አገር የቆየበት ወር፣ ሜዳዩና ልጆቹ ተደምረው 85 ነጥብ የሞላው ይሂድ አሉ። ሲዘገይ ግን እነርሱም አልዳኑም፤ በጥር 1946 ማኒላ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ቤታችን መልሱን ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። እነዚህ ድል ያደረጉ፣ ደመወዛቸውም ያልተቋረጠባቸው ናቸው።

ወታደር መጠበቅ ያውቃል፤ ዝናብም ጨለማም ጠብቆአል። የሚያስመርረው መጠበቁ ሳይሆን፣ ለምን እንደሚጠብቅና ከእርሱ በፊት ማን እንደ ሄደ አለማወቁ ነው። ሰው ያለው ቀድሞ መሸኛ ሲቀበል ሰው የሌለው ቀርቶ ካየ፣ የሚሰማውን ነገር ማንም ሊያስረዳው አይችልም።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ መልቀቅ ጸጥታ ያናጋል የሚሉ አሉ። የሚናቅ ሐሳብ አይደለም፤ ሥራና መሬት የሌለው፣ ከጠመንጃ በቀር ሙያ ያልተማረ ሰው በአንድ ሌሊት ቢለቀቅ ወዴት ይሄዳል? ይሁን እንጂ እኛ ያልነው ባንድ ቀን ይለቀቁ አይደለም፤ ቀናቸውን ይወቁ ነው። ደግሞ ጸጥታን የሚያናጋው መልቀቁ ብቻ ነውን? በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች የጠየቁት ሥልጣን አልነበረም፤ ደህና ምግብና ውሃ ነበር። ሰሚ ሲያጡ መኰንኖቻቸውን አሰሩ፤ ሊያነጋግራቸው የተላከውንም ጄኔራል ይዘው የሚበሉትን አበሉት። ከዚያ በኋላ በዚያ ዓመት የሆነውን እያንዳንዳችን በታሪክ ትምህርት አንብበናል። አቤቱታ በጊዜው ቢነበብ ኖሮ ታሪክ ይለወጥ ነበር አንልም፤ ያልተነበበ አቤቱታ ግን ተኝቶ እንደማይቀር እናውቃለን።

ገንዘብ የለም የሚለውም መልስ ሙሉ አይደለም። በካምፕ የተቀመጠ ሰው ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይታከማል። ያለ ሥራ የሚያስቀምጡት ሰው ነፃ ዕቃ አይደለም። በሌላ በኩል ለአንድ ሰው የተራ ቁጥሩን ጽፎ መስጠት የሚጠይቀው አንድ ወረቀትና አንድ ቅን ጸሐፊ ነው። ለዚህ የዓለም ባንክን ደጅ መጥናት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የአገራችንን የካፋን ነገር እናንሣ፤ የመዘግየትን ዋጋ በቢሮ ካላንደር ብቻ የሚለኩ ሰዎች የማያዩት ነገር አለና። የቡና ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ ሲገባ ነው። በሰኔ የተለቀቀ ወታደር በዚያው ክረምት ይተክላል፤ ሦስት አራት ዓመት ጠብቆ ፍሬ ያያል። የዚያው ሰው ደብዳቤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ተኝቶ በመስከረም ቢደርሰው፣ ዝናቡ ወደ መውጣቱ ነውና የሚተክለው በሚመጣው ዓመት ነው። እንሰትም ለመፋቅ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዛሬ ያልተተከለ እንሰት የዛሬ አምስት ዓመት የሚጎድል ቆጮ ነው። እንግዲህ ኀላፊው የሦስት ወር መዘግየት ብሎ የሚጠራው በዋጫ አንድ ሙሉ ዓመት ይሆናል። እስከዚያው ማን ያበላዋል? አባቱ ያልሞተ እንደ ሆነ አባቱ፤ አለበለዚያ እኅቱና ባሏ። በእኅቱ ባል ቤት የሚበላ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ምን እንደሚሰማው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መሬቱስ? ሰው የሌለበት መሬት ድንበሩ በየዓመቱ አንድ ስንዝር ይገፋል። ክስ እመሠርታለሁ ቢል የነበርክበትን ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ ማስረጃውም ያው ያልደረሰው ወረቀት ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ወደ ሠራዊት የሚገባ ሰው ሁሉ በገባበት ቀን የሚወጣበት ደንብ ተነግሮት ይግባ። ጦርነት ሲያልቅ የእያንዳንዱ ተራ በዕድሜ፣ በአገልግሎትና በቁስል ተሰልቶ በየካምፑ ግድግዳ ይለጠፍ፤ ቀኑ ቢዛወር ምክንያቱ በአድራጊ ግሥ ይጻፍ፤ ማን እንዳዛወረው ይታወቅ። የቆሰለው የሐኪሞች ቦርድ እስኪሰበሰብ በየበሩ በክራንች አይመላለስ፤ ቦርዱ ወደ እርሱ ይሂድ። ገበሬው ከዝናብ በፊት፣ ተማሪው ከምዝገባ በፊት ይለቀቅ። ከዋጫ የተጫነ ቡና በሁለት በሦስት ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ የተላከ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለምን ዋጫ መድረስ ያቅተዋል? ወረቀት ይጓዝ፣ ሰው ይረፍ። በተለይም ያንን «መጀመሪያ ከዚያኛው መሸኛ ያምጡ» የሚለውን ቃል ማንሣት ይገባል፤ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ስልክ ያላቸው እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩበት ነው እንጂ፣ ሽማግሌውን እንደ ፖስታ ቤት እንዲልኩበት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለሚኒስትሮች አይደለም፤ እነርሱ ይህችን መጽሔት እንደማያነቧት እናውቃለን። የምንጽፈው ከእናንተ ከአንባብያን ብዙዎቹ ነገ በእነዚያው ጠረጴዛዎች ኋላ የምትቀመጡ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ግቢ ከአስተዳደር፣ ከሒሳብና ከሕግ ክፍል የሚመረቀው ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ «ሲወሰን ይገለጽልዎታል» ብሎ ይፈርማል ወይስ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል? አሁን በቃል የሚመልስ ብዙ ነው።

እስከዚያው የምንችለውን ትንሽ ሥራ ለመጀመር አስበናል። በሚመጣው ክረምት በዋጫ ገበያ ቀን አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አግኝተን የቀድሞ ወታደሮችን ደብዳቤ እናነባለን፤ የመልሱንም ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ቅጂውን በዝርዝር ይዘን የትኛው መሥሪያ ቤት በስንት ቀን እንደ መለሰ እንመዘግባለን። መዝገቡንም በመስከረም በዚችው መጽሔት እናወጣለን። ካፊኖኖና አማርኛ አጥርታችሁ የምታውቁ፣ የሕግ ተማሪዎችም ቢሆኑ፣ ከፈተናው ሳምንት በፊት ስማችሁን ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ስጡን። ወረቀትና ብዕር የሚያዋጣ ቢገኝም አንጠላም፤ ፌስታሉ ብዙ ነው።